የአንድ ቀን መደርደሪያ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ቱሉ ዲምቱ ዳር፣
አይሱዙ ቆመ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ከብሎኬቱ ክምር።
ሰንበታ ሸራውን ገለጠ፤ «ቶሎ በሉ» አለን፣
«እስከ ማታ ብቻ ነው፤ ነገ ሞጆ አለብን።»

እኔ ነኝ የመጻሕፍቱ ሹም፣ የሦስት ወር ደሞዜ የቀረ፣
ቁልፍ እንጂ መጽሐፍ በስሜ ተመዝግቦ ያልነበረ።
ከታች ሚስማርና ጂፕሰም ይሸጣል፤ ከላይ እኛ ሐኪም ቤት የሚሞላ ሰው እናስመርቃለን፤
ደንበኛ ደረጃ ተሳስቶ ሲወጣ፣ «ቀለም አለ?» ይለናል፤
«አለ፣ አለ» እንላለን።

በእጅ ቅብብል፣ ካርቶን በካርቶን፣ አራተኛ ፎቅ ደረሰ፤
አናቶሚው፣ ፋርማኮሎጂው፣ ጀርባው ያልጎበጠ፣
እንደ ተከራዩት የሰርግ ወንበር፣ ለአንድ ቀን የተቀመጠ።
ማህተም ልመታ የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ
ሌላ ማህተም አየሁ፤ ክብ፣ ሰማያዊ፤ ከሥሩም ሌላ።
አራት ኮሌጅ አንድ ገጽ ላይ፤
አራት አባት ያለው ልጅ፣ ግን ማደሪያው የማይታይ።
የእኛን አምስተኛ አድርጌ ጥጉ ላይ መታሁ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤
ይህ ነገር ዛሬም አይለቀኝም።

አቶ ሙሉሸዋ ክራባቱን አስሮ ከበር እስከ በር ተመላለሰ፤
«ተማሪ እንዳይገባ!» አለ፤ መስታወቱን በመሐረቡ አበሰ።
ከኢንተርኔት ቤት ሃያ ኮምፒውተር ተከራይቷል፤
ሰባቱ ገመድ የላቸውም፤ ቢሆንም ይቆጠራል።

አራት ሰዓት ላይ መጡ፤ ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት።
ወንዶቹ ሜትር ዘረጉ፤ ወንበር፣ መስኮት፣ ሽንት ቤት፣
ሁሉን በቅጹ ላይ ሞሉት፣ በትዕግሥት።
ወይዘሮ አስካላ ግን ምንም አልቆጠረችም፤
ጣቷን በመጽሐፉ ጀርባ ላይ እየጎተተች ሄደች፤ አልተናገረችም።
ከዚያ ዞራ ጠየቀችኝ፦ «ስንቱ ተቀደደ?»
«አንድም» አልኩ በኩራት፤ «አንድም አልተቀደደ!»
መነጽሯን አወለቀች።
«ልጅ ያለበት ቤትና ተማሪ ያለበት መደርደሪያ
ሳይጎድፍ ሳይ፣ ይሄ ነው የመጀመሪያ።»

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ማንም አልጠየቀኝ።
ፎቶኮፒ ነው፤ የደም ምርመራ፤ በጆንያ ክር የተሰፋ፣
አርባ ሰባት ተማሪ የተቀባበለው፣ ገጽ ሃያ ስምንት የጠፋ፤
የሻማ ሰም አለበት፣ የምስር ወጥ ጠብታ፤
ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ይህ አልገባኝም»፤
ከሥሩ መልስ፣ በሌላ እጅ፣ በሌላ ማታ።
ኢፍቱ ናት «አልገባኝም» ያለችው፤
ያለ ማይክሮስኮፕ፣ በሥዕል ብቻ፣ ወባን ለይታ ያወቀችው።

ባለፈው ሚያዝያ ከኪጋሊ ደብዳቤ መጣ፦
«ይህን ዲግሪ የሰጠው ተቋም በዝርዝራችን የለም፤
እናንተ ዘንድ ማን መዘነው? በምን ሚዛን?»
ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ስድብም የለውም።
አቶ ሙሉሸዋ አጥፎ ከሻይ ብርጭቆ ሥር አስቀመጠው፤
ክብ ማህተም አረፈበት፤ ብርጭቆው ራሱ መታው።
ኢፍቱ እዚያ የላቦራቶሪ ወለል ትወለውላለች፤
ማታ ሰው ሲወጣ፣ በማይክሮስኮፑ
አንዴ፣ አንዴ ብቻ ታያለች።

ይህን ለወይዘሮ አስካላ ላሳይ አልኩ፤
መሳቢያውን እስከ ግማሽ ሳብኩ።
አቶ ሙሉሸዋ ሳለ። ደረቅ ሳል። የሦስት ወር ደሞዝ ሳል።
ዘጋሁት።
ሰው፣ ለካ፣ በሳልም ይታዘዛል።

አመሻሽ ላይ መጻሕፍቱ ወረዱ፣ አይሱዙው ሄደ።
ኋላ ሰንበታ በስልክ ነገረኝ፣ እየሳቀ፦
የክፍያ መንገዱ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ ከፊቱ ሚኒባስ፣
ከኋላው የመንግሥት መኪና፤ ሸራውን ሲገልጠው ነፋስ፣
ሴትየዋ በመስኮት አየች፤
ጣቷን አውጥታ፣ በአየር ላይ፣
ከጥግ እስከ ጥግ ጎተተች።
ከዚያ በሩ ተነሳ።
ምን እንደጻፈች አላውቅም።
ውጤቱ እስካሁን አልመጣም።

መደርደሪያው ባዶ ነው። ያቺን ፎቶኮፒ
መሃሉ ላይ አኖርኩ፣ ብቻዋን፤ በሩንም አልቆለፍኩ።
በማግስቱ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ፣
ቆሞ አገላብጦ፣ አገላብጦ፣
ቀና ብሎ ጠየቀኝ፦
«ገጽ ሃያ ስምንት የታለ?»